ድዳችን ደማ ብለን መፋቂያውን አንጣል

ጠዋት ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ከታክሲ የሚወርድ ሰው፣ ዐይኑን ወደ መንገዱ ዳር ጣል ቢያደርግ፣ በጆንያ ላይ መፋቂያ ደርድሮ ገዢ የሚጠባበቅ ልጅ አያጣም። ወደ ሥራው የሚጣደፈው ሰው አንዱን መርጦ እያኘከ ይሄዳል፤ ወደ መስጊድ የሚያመራው ሽማግሌ ከሰላቱ በፊት አፉን ሊያጸዳበት ይገዛል፤ እኛ ተማሪዎች ግን ደብተራችንን በብብታችን ሸጕጠን፣ ነገሩ የባላገር ነው በሚል መንፈስ ገልመጥ አድርገን እናልፋለን። እኔም ከእነዚሁ ገልማጮች አንዱ ነበርሁ።

ዛሬ ስለ መፋቂያና ስለ ድድ ለመጻፍ ብዕር ማንሣቴ አንዳንድ ጓደኞቼን ሳያስቃቸው አይቀርም። «በዚህ ጋዜጣ ስለ አገር፣ ስለ ትምህርትና ስለ ኑሮ መወደድ ይጻፋል እንጂ ስለ ድድ ምን ይጻፋል?» የሚሉ እንዳሉ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሳቅም ያለ ጥርስ አያምርምና፣ እስከ መጨረሻው ታግሠው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን፣ ጥርሴን ስፋቅ የምተፋው ምራቅ ከደም ጋር ይቀላቀል ጀመር። እኔም ብሩሹ ድዴን አቍስሎታል፤ ቍስል ደግሞ ካልነኩት ይሽራል ብዬ፣ ብሩሹን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አኑሬ ተውሁት። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ድዴ መሻሉ ቀርቶ፣ ዳቦ ስገምጥ እንኳ በዳቦው ላይ ደም ይታይ ጀመር። አብረውኝ የሚኖሩትን ጓደኞቼን ባማክር፣ አንዱ «እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ተፈጥሮ ነው» አለኝ፤ ሁለተኛው በጨው ውሃ እንድጕመጠመጥ መከረኝ፤ ሦስተኛው ትኩስ ሻይ እንድተው ነገረኝ፤ አራተኛው «ጭራሽ አትንካው» ብሎ የራሴን ፍርድ አጸናልኝ። እነሆ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ በትምህርት ላይ የቈየን፣ የሕዋስን ክፍሎች በቃላችን የምናወርድ ሰዎች፣ ስለ ገዛ አፋችን የምናውቀው ይህን ያህል ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የሄድሁባቸው የጥርስ ሐኪም አፌን ካዩ በኋላ የነገሩኝ ቃል ሐሳቤን ሁሉ ገለበጠው። «ድድህ የሚደማው ስለ ፋቅኸው አይደለም፤ ደኅና አድርገህ ስላልፋቅኸው ነው» አሉኝ።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ይህ ቃል ነው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ብዙ ወገናችን ጥርሱን የሚያጣው ሐኪም በማጣት ብቻ ሳይሆን፣ ድዱ በሚደማበት ጊዜ ማጽጃውን ስለሚጥል ነው። የሚደማ ድድ «አትንኩኝ» አይደለም የሚለው፤ «አጽዱኝ» ነው። ይህችን አንዲት ነገር ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዐውቆ ዝም ማለት ግን፣ በተለይ ለተማረ ሰው፣ ነውር ይመስለኛል።

በሽታው እንዴት እንደሚመጣ ባጭሩ ላስረዳ። ጥርስ ከጸዳ ከጥቂት ሰዓት ጀምሮ፣ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ በዐይን በቀላሉ የማይለይ ለስላሳና ተለጣፊ ሽፋን መፈጠር ይጀምራል። ይህ ሽፋን የምግብ ትራፊ ብቻ አይደለም፤ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ተደራርበው የሠሩት መንደር ነው። በየቀኑ ካልተጠረገ ይወፍራል፤ በምራቅ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተዋሕዶም በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠንከር ይጀምርና፣ ታርታር የሚባለው ድንጋይ መሰል ነገር ይሆናል። ሰውነት በበኩሉ ባክቴሪያዎቹን ለመዋጋት ወደ ድዱ የሚልከውን ደም ያበዛል፤ ድዱም ይቀላል፤ ያብጣል፤ ሲነኩትም ይደማል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ጂንጂቫይቲስ ይባላል፤ ጽዳቱ በጊዜው ከተደረገለት ፈጽሞ የሚድን ነው።

ችላ ከተባለ ግን በብዙ ሰዎች ላይ ሁለተኛው ደረጃ ይከተላል፤ ስሙም ፔሪዮዶንታይቲስ ነው። በዚህ ጊዜ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና በመካከላቸው ኪስ ይፈጠራል፤ ጥርሱን ተሸክሞ የሚኖረው አጥንት ቀስ በቀስ እየተበላ ያልቃል፤ አፍ ይሸታል፤ አንዳንዴም ከድዱ ሥር መግል ይወጣል፤ ጥርሱ ከሥሩ ተጋልጦ የረዘመ ይመስላል፤ ከዚያም ይነቃነቃል፤ በመጨረሻ ይወልቃል። ያለቀው አጥንት በአብዛኛው ወደ ቀድሞው ቦታው አይመለስም፤ በሕክምና የሚቻለው ዋና ነገር በሽታውን በደረሰበት ማስቆም ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ሁሉ ጥፋት ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም መፈጸሙ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶ በማግስቱ ሐኪም ቤት ያደርሳል። የታመመ ድድ ግን የቤት ምሰሶ እንደሚበላ ምስጥ ነው፤ ቤቱ እስኪዘም ድረስ ድምፁን አያሰማም። ቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ቢኖር፣ እኛ የምንሸሻት ያችው ደም ናት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባላችን በትክክል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ገምቷል።

ቆሻሻው ምክንያት፣ ደሙ ውጤት መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር፣ እንደኛው ተማሪዎች በነበሩ ሰዎች ላይ የተደረገውን ሙከራ ላስታውሰው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ሃራልድ ለው የተባለው ኖርዌያዊ ሊቅና ባልደረቦቹ፣ በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ ባደረጉት ጥናት፣ ጤናማ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ፤ አንድ ስንኳ የተረፈ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እንደ ገና ማጽዳት እንዲጀምሩ ተደረገ፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥም ድዳቸው ወደ ጤናው ተመለሰ። ድዱን ያሳመመው ማጽዳትን መተው ነበር፤ ያዳነውም ማጽዳት ነበር። እኔ በፈተና ሰሞን ሳላውቅ በራሴ ላይ ያደረግሁት ሙከራ ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ እነርሱ ሲጽፉት እኔ ስደነግጥ መክረሜ ነው።

ማጽዳት ለረጅም ዘመን የተተወ እንደ ሆነ የሚመጣውን ደግሞ ይኸው ሊቅ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ አሳይቷል። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ለ15 ዓመት ያህል፣ ብሩሽ የማያውቁና የጥርስ ሐኪም ያላዩ 480 የሻይ ተክል ሠራተኞችን ተከታተለ። ከእነዚህ ውስጥ 8 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ፈጥኖ የሚያጠቃቸው ሆኑ፤ በ45 ዓመት ዕድሜያቸውም ጥርሳቸው ሁሉ አልቆ ነበር። 81 በመቶው በመጠኑ ተጐዱ። 11 በመቶው ግን ድዳቸው ቢቀላም አጥንታቸው አልተነካም። ስለዚህ «አያቴ ሳይፋቅ ሰማንያ ዓመት ኖረ፤ ጥርሱም እንደ ሙሉ ነበር» የሚለው ሰው ሐሰተኛ አይደለም፤ አያቱ ከዐሥራ አንዱ መቶኛ ወገን ስለ ነበሩ ነው። የልጅ ልጁ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ግን ጥርሱ እስኪነቃነቅ ድረስ አያውቅም።

እነዚህ የሩቅ አገር ምሳሌዎች ናቸው ይባል ይሆናል። ስለዚህ ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ኮልፌ ልመለስ።

ከቤታችን አጠገብ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ አንዲት ሽማግሌ ይኖራሉ። ድዳቸው እንደ ብዙዎቹ የእርሳቸው ዘመን ሴቶች በንቅሳት የጠቈረ ነው። የላይኛው ጥርሳቸው ሁሉ ወልቋል። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲቀርብ፣ እርሳቸው እፍኝ ሙሉ ዘግነው ለልጆች ያድላሉ እንጂ ወደ አፋቸው አያደርሱም። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ድድዎን የተነቀሱት ለጌጥ ነው ወይስ ለመድኃኒት?»

«ለሁለቱም ነው፤ ልጄ» አሉኝ። «በእኛ ጊዜ ድዷ ያልጠቈረ ልጃገረድ የጥርሷ ንጣት አይታይላትም ነበር። እኔ ግን የተነቀስሁት ሲደማብኝ ስለ ሰነበተ ነው። መድኃኒቱ ይኸው ነው ተባልሁ።»

«ታዲያ ዳነልዎ?»

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «መቅላቱስ ጠፋ፤ ጥርሱ ግን አንድ ባንድ እየላላ ወለቀ» አሉኝ።

እኔ የዚህን በሽታ ታሪክ ከዚህ ባጠረ ቃል ሲነገር አልሰማሁም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በአማራና በትግራይ፣ የድድ ንቅሳት ከጌጥነቱ ሌላ ለሚደማ ድድ ፈውስ ነው ተብሎ ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው። ጥቀርሻ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወስና፣ ድዱ በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ እንዲገባበት ይደረጋል። ድዱ ይጠቍራል። ነገር ግን በጥርሱ ሥር ያለው ቆሻሻና ታርታር አልተነካም፤ የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው። ቀይ የነበረው ጥቍር ሲሆን በሽታው የሄደ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የተሸፈነው ምልክቱ ነው። በዚያ ላይ መርፌው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዘዋወር እንደ ጉበት ቫይረስና እንደ ኤች አይ ቪ ያሉትን በሽታዎች ሊያጋባ ይችላል።

ይህን የምጽፈው እናቶቻችንን ለመንቀፍ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። እንዲያውም ከእኛ ይልቅ እነርሱ ለድድ ክብር ይሰጡት ነበር። የሚደማ ድድ የታመመ ድድ መሆኑን ዐውቀው፣ በቻሉት ሁሉ መድኃኒት ፈለጉለት፤ የመርፌውንም ሥቃይ ታገሡለት። እኛ ግን ሕዋስና ባክቴሪያ ተምረን «ተፈጥሮ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ከሁለቱ የትኛው ኋላ ቀር እንደ ሆነ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

እኛ የተማርነው ደግሞ የራሳችን መሸፈኛ አለን፤ እርሱም ሲጋራ ነው። ትምባሆ የድድን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ፣ የሚያጨስ ሰው ድዱ ታሞ ሳለ እንኳ ብዙ አይደማም። እርሱም ጤነኛ ነኝ ብሎ ያስባል። ከሥር ግን አጥንቱ ከማያጨሰው ሰው ይልቅ ፈጥኖ ይበላበታል፤ ሕክምናውም እንደሌላው አይሰምርለትም። እማማ ድዳቸውን በጥቀርሻ ሸፈኑት፤ ጓደኛዬ በጭስ ሸፈነው፤ ሁለቱም ያጠፉት ደወሉን ነው እንጂ እሳቱን አይደለም።

በሌላ ምክንያትም ድድ የባሰ ሊደማ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የድድ በሽታ ይጸናበታል፤ የድድ በሽታውም በተራው የደሙን ስኳር ለመቈጣጠር ያስቸግረዋል። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ በሚሆነው የሆርሞን ለውጥ ምክንያት ድድ በቀላሉ ያብጣል፤ ይደማል። ነፍሰ ጡሯ እኅታችን «ልጅ ሲወለድ ጥርስ ይሄዳል» የሚባለውን ተቀብላ ከመቀመጥ ይልቅ ጽዳቷን ልታጠብቅ ይገባታል። በምግቡ ውስጥ ቪታሚን ሲ ያጣ ሰው ስከርቪ ይይዘዋል፤ ድዱ ያብጣል፤ ይደማል። ይህ የጥንት መርከበኞች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት፣ በሶማሊያና በሱዳን የስደተኞች ሰፈሮች ደረቅ ራሽን ብቻ ይሰጣቸው በነበሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ላይ ይኸው በሽታ ደርሷል። ስለዚህ ጽዳቱ በሚገባ ተደርጎም ደሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ካላቆመ፣ ሐኪም ዘንድ መቅረብ የግድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

«ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ጭንቀት ነው፤ ዳቦ ያጣ ሕዝብ ባለበት አገር ስለ ድድ መናገር ቅንጦት ነው» የሚለኝ ጓደኛ እንደማይታጣ ዐውቃለሁ። ለዚህ የምሰጠው መልስ ኖማ የሚባለው በሽታ ነው። ኖማ የሚጀምረው ከድድ ነው። በምግብ እጥረት የተዳከመ፣ ብዙ ጊዜም ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያለው ሕፃን፣ ኩፍኝ ወይም ሌላ በሽታ ሲደርብበት ድዱ ይቈስላል። ቍስሉ በቀናት ውስጥ ወደ ጕንጩ ይዛመትና ሥጋውንና አጥንቱን ይበላል። ሕክምና ካላገኙት እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ፤ የተረፉትም ፊታቸው ተበልቶ፣ ከሰው ተሸሽገው ይኖራሉ። በአገራችንም የዚህ በሽታ ሰለባዎች አሉ። ድዱ በቈሰለበት በመጀመሪያው ጊዜ የደረሰ አንቲባዮቲክ፣ የአፍ ጽዳትና በቂ ምግብ ሊያስቆመው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን በሽታ ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የድድ ነገር የሀብታም ነገር ነውን? ሀብታሙ ጥርሱ ቢወልቅ ያስተክላል፤ ድኻው ግን ከቆሎው ይለያል፤ የድኻው ልጅ ደግሞ ከፊቱ ይለያል።

አሁን ወደ መፋቂያው እመለሳለሁ። መፋቂያ የብሩሽ ድኻ ዘመድ አይደለም። ወይራ፣ ክትክታና ልምጭ የመሳሰሉትን እንጨቶች አባቶቻችን የመረጧቸው በከንቱ አልነበረም። በእስልምና ሃይማኖትም ሲዋክን ከሰላት በፊት መጠቀም የተወደደ ነገር ስለ ሆነ፣ በኮልፌ በየቀኑ የሚፋቀው ሰው ብዙ ነው። በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ መፋቂያ በደንብ ከተሠራበት የጥርስን ቆሻሻ በማስወገድ ረገድ ከብሩሽ እንደማያንስ አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1987 ዓ.ም. እንጨቱ በሚገኝበትና ልማዱ ባለበት አገር ሁሉ ሰዎች እንዲጠቀሙበት አበረታቷል።

ነገር ግን «በደንብ ከተሠራበት» የምትለዋን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን መፋቂያውን በአፋችን ይዘን ወሬ እያወራን፣ የፊት ጥርሳችንን ብቻ እናብሳለን። ድዱ የሚታመመው ግን በጥርስ ፊት ላይ ሳይሆን በጠርዙና በጥርስ መካከል ነው። ስለዚህ የመፋቂያው ጫፍ እንደ ብሩሽ ለስላሳ ጭረት እስኪሆን ድረስ ይታኘክ፤ ከድዱ ጠርዝ ወደ ጥርሱ ጫፍ በዝግታ ይጠረግበት፤ የውስጡ ገጽና የኋላ መንጋጋዎች አይረሱ፤ የተበላሸው ጫፍ በየቀኑ ይቈረጥ። እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ በኀይል መሞረድ ግን ድዱን ያሸሸዋል፤ የጥርሱንም ሥር ያጋልጠዋል። በብሩሽ የሚጠቀምም ለስላሳውን ይምረጥ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ማታ ከመተኛቱ በፊት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፋቅ። በጥርስ መካከል ያለውን ደግሞ የጥርስ ክር ያወጣዋል። የጨው ውሃ መጕመጥመጥ ያበጠውን ድድ ያስታግሣል፤ የተለጠፈውን ቆሻሻ ግን አያወርድምና የፍቂያው ምትክ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ይቀጥላል፤ አትደንግጡ፤ አትተዉም። እኔ ጽዳቱን ጀምሬ በስምንተኛው ቀን የተፋሁት ምራቅ ንጹሕ ነበር።

አንዴ ድንጋይ የሆነውን ታርታር ግን መፋቂያም ብሩሽም አያወርደውም፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ በተለምዶ የጥርስ እጥበት የምንለው ነው። በዚህ ላይ በከተማችን የሚወራ አንድ ሐሰት አለ፤ ይኸውም «ጥርስ ከታጠበ ይላላል» የሚባለው ነው። ጥርሱን ያላላው እጥበቱ አይደለም፤ ቀድሞ አጥንቱ አልቋል፤ ታርታሩ እንደ ሲሚንቶ ሆኖ ክፍተቱን ሞልቶት ስለ ነበር ሲነሣ ባዶው ቦታ ይታያል። የወደቀ ግድግዳን በአቧራ ደግፎ ማቈየት ጥገና አይባልም። ደግሞም የተነቃነቀ ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይደለም። በጊዜው ከሥሩ ከጸዳና ባለቤቱም በየቀኑ ከጠበቀው ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ «ንቀሉልኝ» ከማለት በፊት «ሊድን ይችላል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

ሌላው ተቃውሞ ከፖለቲካ ወገን የሚመጣ ነው። «መንግሥት የጥርስ ሐኪም እንዲያበዛ መጠየቅ ሲገባን፣ አንተ ሕዝቡን በእንጨት ልታባብለው ነውን?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ሐኪም ይብዛ፤ በየጤና ጣቢያውም የጥርስ ክፍል ይከፈት፤ ይህን ከእነርሱ ጋር ሆኜ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ሐኪም በዓመት አንድ ጊዜ ያጸዳውን፣ የባለቤቱ እጅ በቀሩት 364 ቀናት ካልጠበቀው፣ ሽፋኑ በማግስቱ መመለስ ይጀምራል። በሌላው በሽታ ሐኪሙ ያክማል፤ በሽተኛው ይታከማል። በድድ በሽታ ግን ከሕክምናው ትልቁ ክፍል በበሽተኛው እጅ ነው። ስለዚህ ሕዝቡን ማስተማር የመንግሥትን ግዴታ ማቃለል አይደለም፤ ከሕክምናው ውስጥ ሕዝቡ ዛሬውኑ ሊያገኘው የሚችለውን ክፍል መስጠት ነው።

ነቀፌታ ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ነውና፣ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየመኝታ ቤቱ የእጅ መታጠቢያ አጠገብ፣ «ድድህ ከደማ ይበልጥ አጽዳው፤ በሁለት ሳምንት ካላቆመ ሐኪም ጠይቅ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። ወረቀቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችንና መምህራንን ጋብዞ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የምርመራና የእጥበት ቀን እንዲኖር ከዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ጋር ይነጋገር። ሦስተኛ፣ በክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን ለአንድ ቤተ ሰብ ይህን ነገር እናስረዳ፤ የድድ ንቅሳት የማይፈውስበትን ምክንያት ለእኅቶቻችን ያለ ማፌዝ እንንገር፤ ድዱ የቈሰለና ፊቱ ያበጠ ሕፃን ብናይም ነገ ሳንል ጤና ጣቢያ እናድርስ።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ ሕዝቡን ያስተምሩ ነበር። ዛሬ ያ ደንብ የለም፤ የተማረ ሰው ዕዳ ግን ከደንቡ ጋር አልተሻረም። ሕዝቡ በግብሩ አስተምሮን፣ እኛ ግን እናታችን ጥርሷን አንድ ባንድ ስታጣ እያየን ምክንያቱን ሳንነግራት ብንቀር፣ ትምህርታችን የትኛው ኪስ ውስጥ እንደ ቀረ መጠየቅ አለብን።

ባለፈው ሳምንት 18 ማዞሪያ ላይ ወርጄ፣ ከመንገዱ ዳር ከሚሸጠው ልጅ ሁለት የወይራ መፋቂያ ገዛሁ። አንዱን ለራሴ ያዝሁ፤ ሁለተኛውን ለእማማ ወሰድሁላቸው። «ልጄ፣ ለእነዚህ ለቀሩት አራት ጥርሶች ነው?» ብለው ሣቁብኝ።

«አዎ፣ እማማ፤ ለቀሩት ነው» አልኋቸው።